መብራቱ ስለበራ ተፈትሿል ማለት አይደለም፦ ከዝርጋታ ወደ ፍተሻ ስለመሻገር ተረትና እውነታ

በምዕራብ ሐረርጌዋ ጭሮ፣ ብዙዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ በሚሏት ከተማ፣ በሂርናም ሆነ በገለምሶ ግንባታ እስካለ ድረስ የኤሌክትሪክ ተቋራጭ ሥራ አያጣም። ዓመታት መሰላል ላይ የቆየ ባለሙያ ግን አንድ ቀን «ከእንግዲህ ዘርጊ ከምሆን ፈታሽ ብሆንስ?» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ መልካም ነው። ስለ ሙያው ከሚወራው ውስጥ ግን መታረም ያለበት አለ።

ተረት፦ «መብራቱ ከበራ ሥራው ልክ ነው።»

እውነታ፦ የእንጀራ ምጣድን እንውሰድ። የምድር መስመር መቅበር የሰለቸው ሠራተኛ የሶኬቱን ግራውንድ ከኑትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ይሄዳል። ምጣዱ ይግላል፣ አካሉን በቴስተር ቢነኩትም አይበራም። ከሶኬቱ በፊት ኑትራሉ የተበጠሰ ቀን ግን 220 ቮልቱ በምጣዱ ውስጥ አልፎ በዚያችው አጭር ሽቦ ወደ ምጣዱ አካል ይመለሳል። የምድር መስመር ስለሌለ ብሬከሩ አይወርድም፤ የጋጋሪዋ እጅ እስኪነካው ድረስ ማንም አያውቅም። ተቋራጭ ዘወትር የሚጠየቀው «ይሠራል ወይ?» ተብሎ ነው። ፈታሽ ደግሞ «ሲበላሽ ማንን ይይዛል?» ብሎ ይጠይቃል።

ተረት፦ «ልምድ ያለው ሰው በዓይኑ አይቶ ይለያል።»

እውነታ፦ ዓይን ይቀድማል እንጂ አይበቃም። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ከ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። ይህ ምጣድ ለመብራት በተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ከተሰካ ስህተቱ ገና ሲታይ ይታወቃል። ግድግዳ ውስጥ ያለው ጉዳት ግን የሚገኘው በመለኪያ ነው። መጀመሪያ ኃይል ተቋርጦ የምድር መስመሩ ቀጣይነትና የሽቦዎቹ ሽፋን ይለካል፤ በዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ መሠረት ሽፋኑ በ500 ቮልት ዲሲ ሲፈተን ተቃውሞው ከ1 ሜጋ ኦም መውረድ የለበትም። ከዚያ ኃይል ተለቅቆ ባለ 30 ሚሊ አምፔሩ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ (አርሲዲ) በ300 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መቁረጡ ይረጋገጣል። አካባቢውም ይቆጠራል፦ እንደ ሚኤሶ ባለ ቆላ አፈሩ ሲደርቅ የምድር ዘንጉ ተቃውሞ ስለሚጨምር፣ በክረምት ተለክቶ ያለፈ ዘንግ በበጋ ሊወድቅ ይችላል።

ተረት፦ «መብራት ኃይል ቆጣሪ ካስገባ ቤቱ ተመርምሯል።»

እውነታ፦ ከቆጣሪው ወዲህ፣ ቤት ውስጥ ላለው መስመር ኃላፊው ባለቤቱ ነው። ቆጣሪ መግባቱ ግድግዳ ውስጥ ስላለው ሽቦ አይመሰክርም።

ተረት፦ «የተቋራጭነት ፈቃድ ካለኝ መፈተሽም እችላለሁ።»

እውነታ፦ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ዘርፉን እንዲቆጣጠር ሥልጣን የሰጠው ለኢነርጂ ባለሥልጣን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ኋላ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆኗል። ከእሱ የሚገኘው የተቋራጭነት ብቃት ማረጋገጫ እንድትሠራ ይፈቅድልሃል፤ የሌላውን ሥራ እንድታጸድቅ ግን አይሾምህም። ፈታሽነት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ በአማካሪ ድርጅት ወይም በከተማ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ ነው። በከተማው በኩል ለምሳሌ የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 «የሕንፃ ሹም» የሚለውን ኃላፊነት ያቋቋመው ግንባታን ለመቆጣጠር ነው። ሦስቱም ቅጥር ስለሆኑ ከሥራ ትርፍ ወደ ደመወዝ መሻገር እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ተረት፦ «የራሴን ሥራ ከእኔ በላይ የሚያውቀው ስለሌለ እኔው ላጽድቀው።»

እውነታ፦ ራስን መፈተሽ የማንኛውም ተቋራጭ ግዴታ ነው፤ ነጻ ፍተሻ ግን ሌላ ነው። አይኤስኦ 17020 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የፍተሻ ድርጅቶችን የሚመድበው ከሚፈትሹት ሥራ ባላቸው ነጻነት ነው። ችግሩ በትንሽ ከተማ ይብሳል። ዕቃ በዱቤ የሰጠህ ነጋዴ፣ አብሮህ ጣሪያ ለጣሪያ የወጣ ጓደኛ፣ የአጎትህ ልጅ፦ ነገ የምትፈትሸው የእነሱን ሥራ ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሸነፈው በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በይሉኝታ ነው። መድኃኒቱ ጽሑፍ ነው። «አልወደድኩትም» ብትል ጠብ ይሆናል፤ «የዚህ ሶኬት ግራውንድ ከኑትራል ጋር ተገናኝቷል፣ የተለካው ይህ ነው፣ የሚጥሰው የደረጃ አንቀጽ ይህ ነው» ብትል ክርክሩ ከአንተ ወደ መለኪያው ይዞራል። በምዕራብ ሐረርጌ ደግሞ ይህንኑ ለባለቤቱ በኦሮምኛ ማስረዳት የሥራው አካል ነው።

ለመሻገር ያሰበ ሰው ቅጥር እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም። ከሚቀጥለው ሥራው ጀምሮ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ቧንቧና ሽቦውን ፎቶ ያንሳ፣ ሜገር የሚባለውን የሽፋን መለኪያ ገዝቶ ወይም ተከራይቶ ይለካ፣ ውጤቱን በየመስመሩ ይጻፍ፣ ከዚያም ለሌላ ባለሙያ ሰጥቶ ያስነቅፍ። በራሱ ሥራ ላይ የተጻፈ «አላለፈም» የሚያስቆጣው ከሆነ፣ ነገ በሌላው ሥራ ላይ መጻፍ ይከብደዋል።