ሌንስ ከመጠረጉ በፊት

የምረቃ ሰሞን እየተቃረበ ነው። የጀመዓችን ካሜራ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞርበት፣ የግል ካሜራ ያላቸው እህትና ወንድሞቻችንም ፎቶ እያነሱ የኪስ ገንዘብ የሚያገኙበት ወቅት ነው። ካሜራን የሚጎዳው ግን መውደቅ ብቻ አይደለም፤ ለማጽዳት ብለን የምናደርገውም ይጎዳዋል።

የሌንስ ፊት ተራ መስታወት አይደለም። የብርሃን ነጸብራቅን የሚቀንስ እጅግ ስስ ሽፋን አለው። አቧራ ውስጥ ደግሞ ከመስታወት የሚጠነክረው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ይገኛል። አቧራው ሳይራገፍ በሸሚዝ ጫፍ፣ በሻርፕ ወይም በሶፍት ስንጠርግ ያንን ቅንጣት ሽፋኑ ላይ እየጎተትነው ነው። አንዴ የተጫረ ሽፋን በማጽዳት አይመለስም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ።

1. ማራገፍ፦ ሌንሱን ወደ ታች አዘቅዝቀን በእጅ በሚጨመቅ የጎማ አየር መንፊያ እንንፋ። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስነካዋል። በቆርቆሮ የታሸገ አየርም ፈሳሽ ሊረጭበት ስለሚችል ይቅር።

2. መቦረሽ፦ የቀረውን አቧራ ለሌንስ ብቻ በተለየ ለስላሳ ብሩሽ እናንሳ። የብሩሹን ጸጉር በጣት አንንካ፤ የጣታችን ቅባት ወደ መስታወቱ ይሄዳል።

3. መጥረግ፦ ይህ የጣት አሻራ ወይም ቅባት ሲኖር ብቻ ነው። አንድ ሁለት ጠብታ የሌንስ ማጽጃ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ እናድርግ። በቀጥታ ሌንሱ ላይ ካፈሰስነው በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ሊሰርግ ይችላል። ከመሃል ጀምረን እየዞርን ወደ ዳር እንጥረግ፤ አንጫን።

በብዙ ፎቶዎች ላይ በአንድ ቦታ ጥቁር ነጥብ የሚታይ ከሆነ ችግሩ ሴንሰሩ ላይ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 አጥብበን ጥርት ያለ ሰማይ እናንሳ። ሌንስ ቀይረንም ነጥቡ እዚያው ከታየ አቧራው ሴንሰሩ ላይ ነው። ብዙ ካሜራዎች ሴንሰሩን አራግፈው የሚያጸዱበት ትዕዛዝ ሜኑ ውስጥ ስላላቸው መጀመሪያ እሱን እንሞክር። ካልሆነ፣ መስታወት ባላቸው ካሜራዎች ባትሪውን ሞልተን ከሜኑው መስታወቱን የሚያነሳውን የማጽጃ ትዕዛዝ እንምረጥ፤ ባትሪው መሃል ላይ ካለቀ መስታወቱ ተመልሶ ይወርዳል። ካሜራውን ደፍተን፣ የመንፊያውን ጫፍ ወደ ውስጥ ሳናስገባ እንንፋ። በዚህም ካልለቀቀ ለባለሙያ እንስጠው፤ በጨርቅ ወይም በጣት አይነካም። አቧራው መጀመሪያውኑ እንዳይገባ ሌንስ ስንቀይር ካሜራውን እናጥፋ፣ ከነፋስ እንከለል፣ አፉንም ወደ ታች እናድርግ።

ክረምት ሲገባ ሌላው ጠላት እርጥበት ነው። እርጥበት ባለበት ቦርሳ ለወራት የተዘጋበት ሌንስ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው ሽፋኑን ይበላዋል። ከአዲስ ጫማና ቦርሳ ጋር የሚመጡትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ከመጣል ይልቅ ከካሜራው ጋር እናስቀምጣቸው። ለረጅም ጊዜ የማንጠቀምበት ከሆነ ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልተን እናውጣው። ከብርድ ወደ ሞቃት አዳራሽ ስንገባም ሙቀቱን እስኪላመድ ቦርሳው ውስጥ ይቆይ፤ ያለዚያ ሌንሱን ላብ ያለብሰዋል።

የጋራ ካሜራ አማና ነው። ስንረካከብ ሌንሱን ወደ መብራት አዙረን፣ ሰጪና ተቀባይ አብረን እንየው፤ ጭረት ካለ እዚያው ይነገር፣ ይመዝገብ። እንዲህ ካደረግን ጉዳቱ ባላደረሰው ሰው ላይ አይላከክም፤ ካሜራውም ኢንሻአላህ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ይተርፋል።