የሥራ ላይ ጉዳትን መከላከልና የኢንሹራንስ ወጪን መቀነስ፦ ለአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች፣ ለሠራተኞችና ለቤተሰብ

የሥራ ላይ ጉዳት ማለት አንድ ሰው ሥራውን ሲያከናውን፣ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ምክንያት የሚደርስበት አደጋ ወይም የሚይዘው በሽታ ነው። በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ ቤቶች፣ በዳቦ ቤቶች፣ በጋራዦችና በግንባታ ቦታዎች በብዛት ይታያል። ከእነዚህ ድርጅቶች ብዙዎቹ የቤተሰብ ናቸው፤ አባት፣ ልጅና የእህት ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ሲጎዳ ቤተሰቡ ጤናንም ገቢንም በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል።

የድርጅት ባለቤቶች የሠራተኞች ኢንሹራንስ ሲያሳድሱ አረቦኑ ከፍ ብሎ ሲያገኙት "እንዴት ልቀንሰው?" ብለው ይጠይቃሉ። በሕክምናው በኩል ያለው መልስና በኢንሹራንሱ በኩል ያለው መልስ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። አረቦን በጤናማ መንገድ የሚቀንሰው የሚጎዳው ሰው ሲቀንስ ነው። ጉዳትን በመደበቅ የሚገኝ ቅናሽ ግን በመጨረሻ በተጎጂው አካል ላይ ይከፈላል።

የኢንሹራንሱ ዋጋ በምን ይወሰናል?

አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ለሠራተኞች የጉዳት ካሳ ዋስትና ዋጋ ሲያወጣ በአብዛኛው የሚከተሉትን ይመለከታል።

• የሥራው ዓይነት፦ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛና የእንጨት መሰንጠቂያ ላይ የሚሠራ ሰው እኩል አደጋ የለባቸውም።
• የሠራተኞች ጠቅላላ ዓመታዊ ደመወዝ፦ ካሳው በደመወዝ ስለሚሰላ አረቦኑም የደመወዙ መቶኛ ሆኖ ይወጣል።
• ያለፉት ዓመታት የካሳ ታሪክ፦ ስንት ጊዜ ካሳ ተጠየቀ? ምን ያህል ተከፈለ?
• በሥራ ቦታው ያለው ጥንቃቄ፦ ማሽኖቹ መከለያ አላቸው? የእሳት ማጥፊያ አለ? ሠራተኞች ሠልጥነዋል?

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሥራው እስካለ ድረስ አብረው የሚኖሩ ናቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን በባለቤቱና በሠራተኞቹ እጅ ናቸው።

ለስሌት ያህል፣ 6 ሠራተኞች ያሉት የእንጨት ሥራ ቤት እንውሰድ። እያንዳንዳቸው በወር 8,000 ብር ቢያገኙ ጠቅላላ ዓመታዊ ደመወዛቸው 576,000 ብር ይሆናል። አረቦኑ 1 በመቶ ነው ብንል በዓመት 5,760 ብር ነው። በጥሩ ጥንቃቄ ምክንያት 10 በመቶ ቅናሽ ቢገኝ የሚተርፈው 576 ብር ብቻ ነው። በሌላ በኩል አንድ ዋና ባለሙያ ጣቱን ተቆርጦ ለ3 ወር ቢቀር የእሱ ደመወዝ ብቻ 24,000 ብር ነው። በዚያ ላይ የተቋረጠው ትእዛዝ፣ የአዲስ ሰው ሥልጠናና የተበላሸ ዕቃ አለ፤ እነዚህን ደግሞ የሠራተኞች ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ትልቁ ቁጠባ ያለው ከአረቦኑ ቅናሽ ይልቅ ባልደረሰው አደጋ ውስጥ ነው።

ወጪ ለመቀነስ መደረግ የሌለባቸው ነገሮች

• የሠራተኛን ደመወዝ አሳንሶ ማስመዝገብ፦ አረቦኑ ይቀንሳል፤ ጉዳት ሲደርስ ግን የሚከፈለው ካሳም ያንሳል ወይም ክርክር ያስነሳል። ጉድለቱን የሚሸከሙት ተጎጂውና ባለቤቱ ናቸው።
• ቀላል የመሰለ ጉዳትን አለመመዝገብ፦ "ትንሽ ጭረት ናት" የተባለች ቁስል ከቀናት በኋላ ስትመረቅዝ፣ ከሥራው ጋር ያላትን ግንኙነት ማስረዳት ይከብዳል።
• ተጎጂውን "ቤት ውስጥ ወድቄ ነው በል" ማለት፦ ሐኪም የጉዳቱን ምክንያት በትክክል ካላወቀ ሕክምናውም ሊሳሳት ይችላል። ብረት ሲሞርድ ዓይኑ ውስጥ ስብርባሪ የገባበት ሰው "አቧራ ነው" ካለ ዓይን ውስጥ የቀረው ብረት ሳይታይ ሊታለፍ ይችላል።

አደጋን የመቀነስ ቅደም ተከተል

ብዙ ሰው ስለ ጥንቃቄ ሲያስብ ቶሎ የሚታየው ጓንትና መነጽር ነው። እነዚህ ግን የመጨረሻው መከላከያ ናቸው። በሥራ ጤና ዘርፍ የሚሠራበት ቅደም ተከተል ይህ ነው።

1. አደገኛውን ነገር ማስወገድ፦ ከፍታ ላይ መሠራት የሌለበትን ሥራ መሬት ላይ ሠርቶ ማንሳት።
2. በሌላ መተካት፦ ኃይለኛ ኬሚካልን ብዙም በማይጎዳ መቀየር።
3. አደጋውን ከሰው መለየት፦ ለመጋዝ መከለያ ማድረግ፣ አቧራ መሳቢያ መግጠም፣ ድንጋይን በውኃ እያራሱ መቁረጥ።
4. የአሠራር ሥርዓት ማውጣት፦ ማሽን ከመጠገኑ በፊት ኤሌክትሪኩን ማጥፋትና ሌላ ሰው እንዳያበራው መቆለፍ፣ አዲስ ሠራተኛን ብቻውን አለመተው፣ በቂ እረፍት መስጠት።
5. የግል መከላከያ፦ መነጽር፣ ጓንት፣ የጆሮ መድፈኛ፣ አቧራ የሚያጣራ ማስክ፣ የደኅንነት ጫማ።

ከላይ ያሉት እርምጃዎች ሰው ቢደክመው ወይም ቢዘናጋም ይሠራሉ። የታችኞቹ ሠራተኛው በየደቂቃው እንዲያስታውስ ይጠይቃሉ። ጓንት ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን፣ ለምሳሌ በቶርኖ ወይም በመሰርሰሪያ አጠገብ ጓንት፣ ሰፊ እጅጌና የተንጠለጠለ ነጠላ ተይዞ እጅን ሊጎትት ይችላል።

በየሥራ ቦታው ልዩ ትኩረት የሚሹ ነገሮች

የእንጨት ሥራ፦ የመጋዙ መከለያ ሥራ ያዘገያል ተብሎ አይነሳ። ትንንሽ እንጨት በእጅ ሳይሆን በሌላ እንጨት እየተገፋ ይቆረጥ። የእንጨት አቧራ ለረጅም ዓመታት ሲተነፈስ አስም ያስከትላል፤ የአፍንጫ ካንሰርንም ሊያመጣ እንደሚችል ተረጋግጧል። አቧራውን በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ወይም በደረቁ መጥረግ ወደ አየር ይመልሰዋል፤ በመሳቢያ ወይም አርጥቦ ማንሳት ይሻላል።

ብየዳና ብረት ሥራ፦ የብየዳ ብርሃን ያለ መከላከያ ሲታይ ሕመሙ ወዲያው ላይሰማ ይችላል። ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን ያስጠላል። ለበያጁ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ለሚቆመው ረዳትም መከለያ ያስፈልጋል።

ዳቦ ቤት፦ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን እየዞረ እጅ ማስገባት ክንድ ያሰብራል። የዱቄት ብናኝ ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ አስም ያመጣል። ምልክቱ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ሲሆን፣ በእረፍት ቀናት መሻሉና ሥራ ሲጀመር መመለሱ ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆኑን ይጠቁማል።

የባትሪ ጥገና፦ እርሳስ የተባለው ብረት በእጅና በልብስ ወደ ቤት ይገባል። በልጆች የአእምሮ እድገት ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ የሥራ ልብስ ከቤት ልብስ ጋር አይታጠብ፤ ወደ ቤት ከመሄድ በፊት እጅና ፊት ይታጠቡ፤ ልብስ ይቀየር።

ጄኔሬተርና ከሰል፦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫሉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ከያዘ ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ። ጄኔሬተር ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ።

ድምፅ፦ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ ድምፁ ጆሮን ሊጎዳ የሚችል ነው። በድምፅ የጠፋ መስማት አይመለስም።

አደጋ ሲደርስ የሚደረግ የመጀመሪያ እርዳታ

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው።

• ደም ከፈሰሰ፦ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑ፤ በየደቂቃው እየከፈቱ አይመልከቱ።
• ጣት ከተቆረጠ፦ የተቆረጠውን ክፍል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያሽጉ፤ ከረጢቱን በረዶ ባለው ውኃ ውስጥ ያስቀምጡ። በረዶ በቀጥታ አያስነኩት። ከተጎጂው ጋር ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።
• ቃጠሎ፦ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ያብርዱ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል ወይም ቡና አይቀቡ።
• ኬሚካል ዓይን ውስጥ ከገባ፦ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ይጠቡ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ይሂዱ።
• ዓይን ውስጥ የተሰካ ነገር፦ አይንቀሉት፣ አይሹት፤ ሳይጫኑ ከልለው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።
• ኤሌክትሪክ፦ መጀመሪያ ኃይሉን ያጥፉ፤ ከዚያ በፊት ተጎጂውን አይንኩ። ደህና ቢመስልም የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል።

በአዲስ አበባ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ይደውሉ። ቁጥሮቹ በግድግዳ ላይ ተጽፈው ይለጠፉ። አፈር ወይም ዝገት የነካው ቁስል ላለበት ሰው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪም ይጠየቅ፤ የመጨረሻው ክትባት መቼ እንደነበረ ማስታወስ ይረዳል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤናና ደኅንነት የመጠበቅ፣ የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማስተማር፣ አደጋንና በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊነቱ አይቀርም። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን አይካተትም፤ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባትም እንደዚሁ ይቆጠራሉ።

ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ተጎጂ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። የሕክምና ወጪም በአሠሪው ይሸፈናል።

ቤተሰብ ሊያደርግ የሚገባው፦ አደጋው የደረሰበትን ቀንና ሰዓት፣ ያዩ ሰዎችን ስም፣ የሕክምና ማስረጃና ደረሰኝ በአንድ ቦታ ያስቀምጡ። ለሐኪሙ "በሥራ ላይ ነው የተጎዳው" ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ በካርዱ ላይ እንዲጻፍም ይጠይቁ።

ውሉን ከማሳደስዎ በፊት

ባለቤት ከሆኑ ወደ ኢንሹራንስ ድርጅቱ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። እነዚህን ይያዙ።

• በዓመቱ የደረሱ አደጋዎች መዝገብ፣ ለጥቂት የተረፉትንም ጨምሮ። ከመደርደሪያ ወድቆ ማንንም ያልነካ ብረት ነገ ሰው ሊመታ ይችላል።
• ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ ምን እንደተስተካከለ የሚያሳይ ማስታወሻ ወይም ፎቶ።
• የሥልጠና ቀንና የተሳታፊዎች ፊርማ፣ የማሽን ጥገናና የእሳት ማጥፊያ ምርመራ ቀን።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ካሳ ያልተጠየቀበት ዓመት ቅናሽ ያስገኛል? መርማሪ መጥቶ ቦታውን ቢያይና የሚለውን ብናስተካክል ዋጋው ይቀንሳል? ከእያንዳንዱ ካሳ የመጀመሪያውን የተወሰነ ብር እኛ ብንሸፍን አረቦኑ ምን ያህል ይሆናል? የመጨረሻውን የሚቀበሉት ያንን ገንዘብ አደጋው በደረሰ ቀን መክፈል የሚችሉ ከሆነ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ የተጎጂው ሕክምና ይዘገያል።

መቼ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል?

ከሚከተሉት አንዱ ካለ አይዘግዩ።

• ቁስሉ ካበጠ፣ ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ
• ጣት ወይም እጅ ከደነዘዘ ወይም መንቀሳቀስ ካቃተው
• እይታ ከደበዘዘ ወይም የዓይን ሕመም ካልቆመ
• በሥራ ቀን የሚብስ፣ በእረፍት ቀን የሚቀል ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ
• የጀርባ ሕመም ከእግር መደንዘዝ፣ ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከመጣ፤ ይህ ድንገተኛ ነው
• ራስን ከተመቱ በኋላ ማስታወክ፣ ግራ መጋባት ወይም ከባድ እንቅልፍ ካለ

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ መጀመር ከቻሉ፣ ከሠራተኞችዎ ጋር 15 ደቂቃ ቦታውን ዞረው ይመልከቱና "እዚህ ቤት ቀጣዩ ሰው የሚጎዳው የት ነው?" ብለው ይጠይቋቸው። በማሽኑ ላይ የሚውሉት እነሱ ስለሆኑ መልሱን አብዛኛውን ጊዜ ያውቁታል። የመጀመሪያውን መልስ በዚያው ሳምንት ያስተካክሉት።