ውሉን ሳይጨርስ ከተጠባባቂ ጦር የወጣ ሰው ተመልሶ መግባት ይችላልን? የአሜሪካ አሠራር ሲብራራ

የአሜሪካን ተጠባባቂ ጦር ተቀላቅለው ውላቸው ሳያልቅ የለቀቁ ሰዎች፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ጥያቄ ይዘው ወደ ምልመላ ቢሮ ይመለሳሉ፤ በሩ አሁንም ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል የሚል። ለዚህ ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። መልሱን የሚወስነው ግለሰቡ ስለ አወጣጡ የሚናገረው ታሪክ ሳይሆን ሲወጣ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ቃል ነው። ጉዳዩ ጡረታን፣ ከውጭ አገር ለመጡ አባላት ደግሞ ዜግነትን ጭምር የሚነካ በመሆኑ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል።

የ8 ዓመቱ ግዴታ

ለመጀመሪያ ጊዜ የአሜሪካን ጦር የሚቀላቀል ሰው በጠቅላላው የ8 ዓመት የአገልግሎት ግዴታ ይገባል። ይህ ጊዜ ግን ሁሉም በልምምድ የሚያልፍ አይደለም። በተጠባባቂ ጦርና በብሔራዊ ዘብ ከተለመዱት ውሎች አንዱ፣ 6 ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ ማገልገልን፣ ቀሪውን 2 ዓመት ደግሞ በተጠባባቂነት መዝገብ ላይ መቆየትን የሚጠይቅ ነው። በክፍል ውስጥ ያለ አባል በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ይሠለጥናል።

ስማቸው በመዝገብ ብቻ የሚቆይ አባላት ያሉበት ዘርፍ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ አይአርአር ይባላል። እነዚህ አባላት ወርኃዊ ልምምድ የለባቸውም፤ የልምምድ ክፍያም አያገኙም። ነገር ግን ሊጠሩ ይችላሉ። የምድር ጦሩ እ.ኤ.አ. በ2004 ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ዘመቻ ከ5 ሺህ የሚበልጡትን እንደሚጠራ ባስታወቀ ጊዜ፣ ከጦሩ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ያበቃ የመሰላቸው ብዙዎች ግዴታቸው አለመጠናቀቁን ተረድተዋል።

“ወጣሁ” ማለት ምን ማለት ነው?

ከውሉ ጊዜ በፊት መውጣት በአንድ መንገድ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። የመጀመሪያው ከክፍሉ ወደ አይአርአር መዛወር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ክፍሉን ለቀቀ እንጂ ከጦሩ አልተሰናበተም። ሁለተኛው በሕመም፣ በቤተሰብ ችግር ወይም በሌላ ተቀባይነት ባለው ምክንያት በሥርዓት መሰናበት ነው። ሦስተኛውና አስቸጋሪው ደግሞ ሳያሳውቁ መቅረት ነው። በምድር ጦሩ ተጠባባቂ ክፍል ደንብ በአንድ ዓመት ውስጥ 9 ጊዜ ያለ ፈቃድ የቀረ አባል ግዴታውን እንዳልተወጣ ይቆጠራል። አንድ ሙሉ የቅዳሜና እሑድ ልምምድ እንደ 4 ስለሚቆጠር፣ ሁለት ወር ቀርቶ በሦስተኛው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የደገመ ሰው ከዚህ ቁጥር ይደርሳል።

መዝገቡ የሚናገረው

ተመላሹ በቅድሚያ ማየት ያለበት የስንብት ሰነዱን ነው። ከመደበኛ አገልግሎት ለተሰናበቱት ይህ ሰነድ ዲዲ 214 ሲሆን፣ የብሔራዊ ዘብ አባላት ኤንጂቢ 22 የተባለ ቅጽ ይሰጣቸዋል። ሰነዱ የጠፋበት ሰው በሴንት ሉዊስ ከተማ ከሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ቅጂ መጠየቅ ይችላል።

በሰነዱ ላይ ሁለት ነገሮች ወሳኝ ናቸው። አንደኛው የስንብቱ ዓይነት ነው፤ በክብር፣ አጠቃላይ ወይም ከክብር ውጭ የሚሉት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሁለተኛው ዳግም ለመቀጠር ብቁ መሆንን የሚያመለክተው ኮድ ነው። ዝርዝሩ ከአንዱ የጦር ዘርፍ ወደ ሌላው ቢለያይም፣ በጥቅሉ ኮድ 1 ያለበት ሰው መመለስ ይችላል፤ ኮድ 3 ያለበት ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ኮድ 4 ያለበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ይዘጋበታል።

የመመለሻው መንገድ

በአይአርአር የሚገኝ ሰው መንገዱ ቀላል ነው። አሁንም የጦሩ አባል ስለሆነ ወደ አንድ ክፍል እንዲዛወር ይጠይቃል፤ የጤናና የብቃት መመዘኛዎችንም ማሟላት ይኖርበታል። ወደ ሌላ የጦር ዘርፍ መሄድ ከፈለገ ግን ካለበት ዘርፍ በቅጽ ዲዲ 368 የመልቀቂያ ስምምነት ማግኘት አለበት።

ሙሉ በሙሉ የተሰናበተው ሰው እንደገና ይመለመላል። የሕክምና ምርመራ ያደርጋል፤ ያለፈ አገልግሎቱ ይጣራል፤ የዕድሜ ገደቡም ይታያል። ቀድሞ ያገለገለበት ዘመን በዕድሜ ስሌት ውስጥ ሊቀነስለት ይችላል። ከአገልግሎት ርቆ የቆየበት ጊዜ ረጅም ከሆነ ግን የቀድሞ ማዕረጉን ላያገኝ፣ ሥልጠናም እንዲደግም ሊጠየቅ ይችላል። ልዩ ፈቃድ የሚያስፈልገው አመልካች ለመውጣቱ ምክንያት የነበረው ችግር መወገዱን በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። የሕመም ምክንያት ከሆነ የሐኪም ማረጋገጫ፣ የቤተሰብ ችግር ከሆነ ሁኔታው መለወጡን የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ የሚሰጠው በጦሩ ፍላጎት ላይ ተመሥርቶ እንጂ እንደ መብት አይደለም። የቀድሞ አገልግሎትን ደብቆ እንደ አዲስ ምልምል መመዝገብ ደግሞ በአሜሪካ የወታደራዊ ፍትሕ ሕግ ወንጀል ነው።

የፖለቲካ ውሳኔም በሩን የከፈተበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን የኮቪድ ክትባት ግዴታ ባለመቀበላቸው ብቻ ከ8 ሺህ በላይ ወታደሮች ተሰናብተው ነበር። በጥር 2025 የወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ከእነዚህ መካከል ጥያቄ የሚያቀርቡ መደበኛም ሆኑ ተጠባባቂ አባላት እንዲመለሱ አዟል።

ገንዘብና ጡረታ

ውሉን ያላጠናቀቀ ሰው የተቀበለውን የማበረታቻ ክፍያ፣ ያላገለገለበትን ድርሻ እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ተመላሹ ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለበት አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

በሌላ በኩል ያገለገለበት ዘመን ከንቱ አይቀርም። የተጠባባቂ ጡረታ ለማግኘት 20 ብቁ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ አንድ ዓመት ብቁ የሚባለውም ቢያንስ 50 ነጥብ ሲመዘገብበት ነው። ከመውጣቱ በፊት የተመዘገቡ ብቁ ዓመታት በመሐል ባለው ክፍተት አይሰረዙም። 7 ብቁ ዓመታት ይዞ የወጣ ሰው ሲመለስ የሚቀሩት 13 ናቸው። ክፍያው በመደበኛው ሕግ የሚጀምረው በ60 ዓመት ዕድሜ ነው።

ለስደተኞች ያለው ትርጉም

ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው የውጭ ዜጎች በአሜሪካ ጦር በተራ ወታደርነት መቀጠር ይችላሉ። ተፈላጊ ቋንቋ የሚናገሩ ስደተኞችን ይቀበል በነበረውና እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ ምዝገባው በቆመው ማቭኒ በተባለው መርሐ ግብር ውስጥም አማርኛ ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በወታደራዊ አገልግሎት ዜግነት ያገኘ ሰው በድምሩ 5 ዓመት በክብር ሳያገለግል ከክብር ውጭ ቢሰናበት፣ ዜግነቱ ሊሰረዝ እንደሚችል ሕጉ ይደነግጋል። እንዲህ ላለው አባል ችግር ሲገጥመው ለአዛዡ ሳያሳውቅ ከልምምድ መቅረት ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው።

ስንብቱ ሊታረም ይችላልን?

ስንብቱ ተገቢ እንዳልነበረ የሚያምን ሰው ሁለት የአቤቱታ መንገዶች አሉት። ለስንብት መርማሪ ቦርድ በቅጽ ዲዲ 293 በ15 ዓመት ውስጥ ማመልከት ይችላል። ለወታደራዊ መዝገብ አራሚ ቦርድ ደግሞ በቅጽ ዲዲ 149፣ ስሕተቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ3 ዓመት ውስጥ ያመለክታል፤ ይህ ቦርድ ለፍትሕ ሲባል ከጊዜው ያለፈ ማመልከቻንም ሊቀበል ይችላል።

በመሆኑም መመለስ የሚሻ ሰው መልማይን ከማነጋገሩ በፊት ሰነዱን እጁ ማስገባት፣ ኮዱን ማንበብና ዕዳውን ማጣራት ይኖርበታል። ሰነዱ ላይ የሰፈረው ኮድ 1 ከሆነ ቀጥታ ወደ ምልመላ ይሄዳል፤ 3 ከሆነ ማስረጃውን ያሰባስባል፤ 4 ከሆነ ደግሞ ጉዳዩን ከምልመላ ቢሮ አስቀድሞ ለቦርዱ ያቀርባል።