ወደ ናይሮቢ የሚበር መንገደኛ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው

«ሳፋሪ» በስዋሂሊ ቋንቋ «ጉዞ» ማለት ነው። ዛሬ ግን ቃሉ በዓለም ዘንድ የዱር አራዊትን ለማየት የሚደረገው ጉዞ መጠሪያ ሆኗል፤ የዚህም ጉዞ ዋና በር የኬንያ ርእሰ ከተማ ናይሮቢ ናት። ለንግድ፣ ለመንግሥት ሥራ ወይም ለጉብኝት ወደዚያች ከተማ ከሩቅ አገር የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ትኬቱ ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ በርካሽ ትኬት የተረፈው ገንዘብ በጠፋ ቀንና በድካም ተመልሶ እንደሚከፈል ማሰብ ይገባል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ. ም. የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገበት ዘመን፣ መንገደኛው ወደ ሩቅ አገር የሚደርሰው በየጣቢያው እያረፈ ነበር። በ1950 ዓ. ም. የተከፈተው የናይሮቢው የኤምባካሲ አይሮፕላን ማረፊያ፣ ማለት ዛሬ በጆሞ ኬንያታ ስም የሚጠራው፣ አሁን ከሌላ ክፍለ ዓለም በአንድ በረራ የሚደረስበት ሆኗል። ከኒው ዮርክ ወደ ናይሮቢ በቀጥታ የሚደረገው በረራ የተጀመረው ጥቅምት 18 ቀን 2011 ዓ. ም. ነው። ከዋሽንግተን የሚነሣ ወገናችን ደግሞ በአዲስ አበባ በኩል ቢመጣ፣ ከዚያ ወደ ናይሮቢ የሚቀረው በረራ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ጉዳይ ለመፈጸም የሚሻ በአዲስ አበባ ቢያልፍ ይጠቀማል። ነገር ግን ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት ይግዛ፤ በተለያየ ትኬት የገዛ ሰው የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛውን የሚያጣው በራሱ ኪሣራ ነው።

በሰዓት አቆጣጠርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛ ሰዓትን የሚቈጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው፤ ትኬት ግን ቀኑን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 0፡30» የሚል ከሆነ፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ መንገደኛው ከቤቱ መነሣት የሚገባው ሰኞ ማታ ነው።

ከረጅም በረራ የወረደ ሰው ወዲያው ወደ አራዊቱ አገር መገሥገሥ አይገባውም። አንድ ሌሊት ለማረፍ ከከተማው መሐል በስተ ምዕራብ የሚገኘው ላቪንግተን ተስማሚ ነው። ይህ ዛፍ የበዛበት ሰፈር ቀድሞ የቡና እርሻ ነበር፤ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የቅዱስ ኦስቲን የካቶሊክ ሚሲዮን ቡና የተከለው በዚሁ አካባቢ ነው። የቡና ነጋዴ የሆነ መንገደኛ የዛሬው የኬንያ ቡና ሥራ ከየት እንደ ተነሣ በዚያ ያስታውሳል። ከአይሮፕላን ማረፊያው እስከ ዌስትላንድስ ያለው በ2014 ዓ. ም. የተከፈተው የክፍያ መንገድ ጉዞውን ያሳጥራል። ከላቪንግተን ወደ ዊልሰን አይሮፕላን ማረፊያም ብዙ ሩቅ አይደለም፤ ወደ ማሳይ ማራ የሚበሩት ትንንሽ አይሮፕላኖች የሚነሡት ከዚያ ነው። በእነርሱ የሚፈቀደው ሻንጣ አብዛኛውን ጊዜ 15 ኪሎ፣ ያውም ለስላሳ ከረጢት ስለሆነ፣ ትልቁ ሻንጣ በማረፊያ ቤት በአደራ ቢቀመጥ ይሻላል። ትርፍ ጊዜ የሌለው ደግሞ በ1939 ዓ. ም. የተከለለውን የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በግማሽ ቀን ሊያይ ይችላል።

ወቅቱንም መምረጥ ያሻል። በእኛ አገር ክረምቱ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ናይሮቢ ብርድና ደመና ቢሆንም ዝናቡ ጥቂት ነው፤ በማሳይ ማራም የአራዊቱ ታላቅ ፍልሰት የሚታየው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን ዋናው ዝናብ ስለሚጥል የፓርኩ መንገድ በጭቃ ይያዛል።

በመጨረሻም፣ የቢጫ ወባ ክትባት የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በዋዜማው የተከተበ ሰው የምስክር ወረቀቱ አይጠቅመውም። ኬንያ በ2016 ዓ. ም. ቪዛን በኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ስለ ተካች፣ ፈቃዱ ለያዘው ፓስፖርት ያስፈልግ እንደሆነ እያንዳንዱ ትኬት ከመግዛቱ በፊት ኤምባሲዋን ይጠይቅ። ከነሐሴ 22 ቀን 2009 ዓ. ም. ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት የተከለከለ መሆኑንም አይርሳ።

እንግዲህ ጕዞውን ከመድረሻው ወደ ኋላ እየቈጠረ የሚያሰናዳ፣ ማለት አስቀድሞ የፓርኩን ቀን፣ ቀጥሎ የዕረፍቱን ሌሊት፣ ከዚያም የበረራውን ሰዓት የሚወስን ሰው፣ ትኬቱን የሚገዛው ከሁሉ በኋላ ነው። እንዲህ ያደረገ ጊዜውንም ገንዘቡንም ሳያባክን ይመለሳል።