ለቪዲዮ ቀረጻ የሚሸጥ ሃርድ ዲስክና የፋይል መጠን ወሰን

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የቆየ የሰርግ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የሚያዛውር ቪዲዮ ቤት፣ የገዛው ሃርድ ዲስክ ገና ሳይሞላ ሥራው ቢቋረጥበት ዕቃው ብልሹ ነው ብሎ ለባለሱቁ ይመልሳል። ጉድለቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዲስኩ ሳይሆን የፎርማቱ ነው። ፋት 32 የተባለው ፎርማት የእያንዳንዱን ፋይል መጠን የሚመዘግበው በ32 ቢት ስለሆነ፣ ዲስኩ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። የሚኒ ዲቪ ካሴት የአንድ ሰዓት ቀረጻ 13 ጊጋባይት ያህል ስለሚሆን ወሰኑ በ20 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል፤ ሙሽሪት ገና ከቤቷ ሳትወጣ ማለት ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 የወጣው ኤንቲኤፍኤስና በ2006 የወጣው ኤክስፋት ይህ ወሰን የለባቸውም። በዊንዶውስ ብቻ ለሚሠራ ፊተኛው፣ ከማክ ጋር ለሚለዋወጥ ኋለኛው ይስማማዋል። የዊንዶውስ «ኮንቨርት» ትዕዛዝ ፋት 32ን ወደ ኤንቲኤፍኤስ ሲለውጥ በዲስኩ ያለው ፋይል አይጠፋም። ወደ ኤክስፋት ለመለወጥ ግን ዲስኩን እንደገና ፎርማት ማድረግ ግድ ስለሆነ የነበረው ሁሉ ይደመሰሳል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን አስቀድሞ ሌላ ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሰርግ ሁለት ጊዜ አይቀረጽምና።

አስመጪዎች ዕቃ ሲያዙ የዲስኩን ስፋት ብቻ ሳይሆን ፎርማቱንም ቢጠይቁ ይበጃል። ባለሱቁም ዲስኩ ባዶ ሳለ ፎርማቱን ለውጦ ቢያስረክብ የሚፈጅበት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።