ጀምበርን ቆቦ ላይ ስፈልገው

ልጁን ያየሁት ቆቦ ገበያ፣ ሰልባጅ ከተዘረጋበት ሸራ አጠገብ ነው። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀይ ቲሸርቱ ላይ የሸረሪት ድር አለ፤ ታጥቦ ታጥቦ ተላልጧል። «ማነው ይሄ?» አልኩት። «ስፓይደርማን!» አለና አዘላለሉን በእጁ አሳየኝ። «የኛ አገር ጀግናስ?» ስለው ደረቱን ቁልቁል አይቶ ዝም አለ። ያ ዝምታ እስከ ወልድያ አብሮኝ ተጓዘ።

መልሱ እኮ አለ። የብስራት ደበበ የኮሚክ መጽሐፍ «ጀምበር» በ2018 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ ልዩ ኃይል የሚያገኝ ወጣት ነው። ምርጫውን ወድጄዋለሁ፤ ዲግሪውን በፕላስቲክ ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆም ልጅ ቆቦም ሞልቷል። ከጀምበር በኋላ «ሃዊ» የተባለች ሴት ጀግና መጣች።

ስፓይደርማንም ሲጀመር የሚያምንበት አላገኘም። ደራሲው ስታን ሊ ሲያወራው እንደኖረው፣ አሳታሚው ማርቲን ጉድማን ሰው ሸረሪት ይጠላል ብሎ ነበር። ስታን ሊና ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ በ1962 ያስገቡት ሊዘጋ በተቃረበ መጽሔት የመጨረሻ እትም ላይ ነው። ዋጋው የአሜሪካ 12 ሳንቲም ነበር፤ የልጅ ኪስ አይከብደውም። በዓመቱ የራሱ መጽሔት ተከፈተለት። በ2011 ደግሞ ጭምብሉን ማይልስ ሞራሌስ አጠለቀው፤ አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እናቱ ፖርቶሪኳዊት የሆነች የብሩክሊን ልጅ። ጀግናውን በየትውልዱ ያደሰው እትሙ አለመቋረጡና ልጅ እጅ መግባቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኛስ ልጆች እጅ ምን ይገባል? ትምህርትን የሚመለከተውን አንድ ኃላፊ ስለ ልጆች ንባብ ጠይቄው፣ ስብሰባ አለኝ ብሎ ስልኩን ዘጋ። የቆቦው የሰልባጅ ነጋዴ ግን ሸራው ላይ አስቀምጦ አወራኝ።

«ቦንዳ ሲፈታ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ሸረሪቱ ነው» አለኝ። «ራያ ጀግና አጥቶ ያውቃል እንዴ? አያቴ ሲፎክር በሬው ይደነብር ነበር። ልጆቼ ፉከራውን አልሰሙም፤ የሰሙት መድፍ ነው።» የ2021 እና የ2022 ጦርነት በደጃቸው አልፏል።

በስልኬ የጀምበርን ሥዕል አሳየሁት። በሁለት ጣቱ አሰፋው፣ ፊቱን አጠና፣ የራሱንም ልጅ ጠርቶ አሳየው።

«ይሄ እኛን ይመስላል» አለ። «ወረቀቱን አምጣልኝ፣ ከቲሸርቱ ጎን እሰቅለዋለሁ። ስንት ነው ዋጋው?»

የያዝኩት ስልኩን ብቻ ነበር።