የመልሕቁ ቢራ፤ የአንድ ትንሽ ጠመቃ ቤት መነሣትና መውደቅ

በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኘው የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ፥ በ1849 ወርቅ ፈላጊ ሕዝብ ከየአገሩ ከጎረፈባት ወዲህ ብዙ ቢራ ጠማቆች አፍርታ ነበር። ከነዚህ ሁሉ ረዥም ዕድሜ ያገኘው ስሙን ከመርከብ መልሕቅ የወሰደው የአንከር ቢራ ፋብሪካ ነው። በ1896 በዚህ ስም ሥራ የጀመረው ይህ ፋብሪካ በ2023 መዘጋቱ በተነገረ ጊዜ የከተማው ሕዝብ እንደ መርዶ ቆጠረው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቢራውን ልዩ ያደረገው ችግር ነው። የጀርመን ጠማቆች የለመዱት እርሾ ብርድ የሚወድ ሲሆን፥ በዚያ ዘመን በከተማው በረዶ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ጥንስሱን ጥልቀት በሌለው ሰፊ ገንዳ እያፈሰሱ ከባሕር በሚነሣው ጉምና ነፋስ ያቀዘቅዙት ጀመር። መጠጡም «የእንፋሎት ቢራ» ተባለ፤ ስሙ በርሜሉ ሲከፈት ከሚፈነዳው አየር የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ከጣራው ላይ ከሚወጣው እንፋሎት ነው የሚሉም አሉ። ብቅሉ የገብስ ነው፤ በጌሾ ፈንታ ሆፕ የተባለ መራራ አበባ ይገባበታል፤ ከዚህ በላይ ለጠላ አዋቂ ማስረዳት አያሻም።

መከራው ብዙ ነበር። በ1906 የመሬት መንቀጥቀጡና ቃጠሎው ፋብሪካውን አጠፋው። ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በሕግ ተከለከለ። በ1959 ተዘግቶ በማግሥቱ ዓመት ቢከፈትም ሊሞት ያጣጥር ነበር።

በ1965 ሚስተር ፍሪትዝ ሜይታግ የተባሉ ወጣት፥ የልብስ ማጠቢያ መኪና በመሥራት የታወቀው ቤተ ሰብ ልጅ፥ ዘወትር የሚጠጡት ቢራ ሊቋረጥ መሆኑን ከአንድ ምግብ ቤት ባለቤት ሰሙ። በማግሥቱ ሄደው ፋብሪካውን ጎበኙና ጥቂት ሺህ ዶላር ከፍለው የሚበልጠውን ድርሻ ገዙ። የገዙት ግን ያረጀ ዕቃና ብዙ ጊዜ የሚኮመጥጥ ቢራ ነበር። ንጽሕናን ከሁሉ አስቀደሙ፤ ጠመቃውንም ከሥሩ ተማሩ። ዐሥር ዓመት ያህል ትርፍ ሳያዩ ቆዩ፤ ይህን ያህል ሊታገሥ የሚችለው የሚተማመንበት ሀብት ያለው ሰው ብቻ እንደሆነ አይዘነጋም። በ1971 በጠርሙስ መሸጥ ጀመሩ፤ ከ1975 ጀምሮ በየዓመቱ የገና ቢራ አወጡ፤ በወረቀቱም ላይ በየዓመቱ ሌላ የዛፍ ሥዕል ይታተም ነበር።

በዚያን ጊዜ በመላው አሜሪካ የቀሩት የቢራ ኩባንያዎች ከመቶ ያነሱ ነበሩ። ትንሽ ፋብሪካም መኖር እንደሚችል በአንከር የተረዱ ወጣቶች እየመጡ ሲጠይቁ፥ ሚስተር ሜይታግ ምክራቸውን አልነፈጉም። ራሳቸው ግን ድርጅቱ ከልክ በላይ እንዳይሰፋ ይጠነቀቁ ነበር። ዛሬ በአገሩ ከ9,000 በላይ ጠመቃ ቤቶች አሉ፤ እንግዲህ አንከርን በኋላ ገበያ ያሳጡት ከተቀናቃኞቹ መካከል የገዛ ደቀ መዛሙርቱ ይገኙበታል ማለት ነው።

ሚስተር ሜይታግ በ2010 ፋብሪካውን ሸጡ። አዲሶቹ ባለቤቶችም በ2017 ለጃፓኑ ሳፖሮ ኩባንያ አስተላለፉት። በ2020 ወረርሽኙ ምግብ ቤቶችንና መጠጥ ቤቶችን ሲያዘጋ፥ በበርሜል ይሸጥ የነበረው ቢራ ደንበኛ አጣ። በ2021 በእጅ ይሣል የነበረው የጠርሙስ ወረቀት ደማቅ ቀለም ባለው አዲስ ዓይነት ተለወጠ። የቆዩ ደንበኞች እጅግ ተቆጡ፤ አዲስ ደንበኛም በብዛት አልመጣም። ሳፖሮ በ2022 ሌላ ትልቅ የካሊፎርኒያ ጠመቃ ድርጅት ሲገዛ፥ የአንከር ዕድል ጠበበ ማለት ይቻላል። በሰኔ 2023 ሽያጩ በካሊፎርኒያ ብቻ እንዲወሰን፥ የገናው ቢራም እንዲቀር ተደረገ፤ በሐምሌም መዘጋቱ ታወጀ። በ2019 ማኅበር ያቋቋሙት ሠራተኞች ድርጅቱን በኅብረት ለመግዛት ጠየቁ፤ አልሆነላቸውም።

በ2024 ግንባታውን፥ ዕቃውንና የአጠማመቁን ዘዴ ጭምር የገዙት ከቱርክ አገር የመጡት የኩርድ ተወላጅ ባለ እርጎው ነጋዴ ሚስተር ሐምዲ ኡሉካያ ናቸው። እርሳቸውም የራሳቸውን ንግድ በ2005 የጀመሩት፥ ሌላ ኩባንያ የዘጋውን አሮጌ የእርጎ ፋብሪካ በብድር ገዝተው ነበር።